«ማጠን ሰባት ሰዓት ይጨምራል» ብዬ ልጻፍ?

ጥያቄ

ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። የምኖረው ድሬዳዋ ነው፤ የሁለተኛ ዲግሪ የመመረቂያ ጽሑፌን ለመጨረስ ጥቂት ቀርቶኛል። ጥናቴ የግመል ወተት ሳይበላሽ የሚቆይበትን ጊዜ ይመለከታል። ሁለት ነገሮችን አጣምሬ ሞከርኩ፤ አንደኛው የወተቱ ዕቃ በጭስ የታጠነ መሆን አለመሆኑ፣ ሁለተኛው ወተቱ በክፍል ሙቀት ወይም በማቀዝቀዣ መቀመጡ ነው። ወተቱ እስኪኮመጥጥ የፈጀውን ሰዓት መዘገብኩ። መብራት በጠፋበት ቀን የተወሰኑ የማቀዝቀዣ ናሙናዎች ስለተጣሉ የናሙናዎቹ ቁጥር እኩል አይደለም።

ባለሁለት መንገድ አኖቫ (የሁለት ነገሮችን ውጤት አንድ ላይ የሚፈትሽ የአማካዮች ማነጻጸሪያ ስሌት) ስሠራ ሦስቱም በስታቲስቲክስ ጉልህ ሆኑ፤ የማጠን ዋና ውጤት፣ የአቀማመጥ ዋና ውጤት፣ የሁለቱም መስተጋብር (የአንዱ ውጤት እንደ ሌላው መለያየቱ)። አማካሪዬ «ማጠን የወተቱን ዕድሜ በሰባት ሰዓት ያራዝማል ብለሽ ጻፊ» አሉኝ። አብሮኝ የሚማር ጓደኛዬ ደግሞ «መስተጋብሩ ጉልህ ከሆነ ዋና ውጤቶቹን መጥቀስ ክልክል ነው፤ ሰርዣቸው» ይለኛል። ይባስ ብሎ ያንኑ መረጃ ኤስፒኤስኤስ በሚባለው የስታቲስቲክስ ሶፍትዌር ስሠራው ለማጠን 7፣ አር በሚባለው ስሠራው 12 ይሰጠኛል። ከሁለት ያጣሁ ጎመን ሆንኩ።

ወተቱን ሰዎች ቀምሰው ነጥብ እንዲሰጡትም አድርጌ ነበር። በጣዕም ላይ የማጠን ዋና ውጤት ጉልህ ስላልሆነ «ማጠን ጣዕሙን አይለውጥም» ብዬ ጽፌያለሁ። ልክ ነኝ?

ግራ የገባኝ፣ ከድሬዳዋ

መልስ

እህቴ፣ ድሬ ላይ «አንቱ» መባባል ብዙም ስለማይዘወተር «አንቺ» ብልሽ እንደማትቀየሚኝ እገምታለሁ። ጽሑፍሽ ገና ለፈተና ስላልቀረበ የላክሽልኝን ትክክለኛ ቁጥሮች እዚህ አላወጣም። ደብዳቤሽ ውስጥ ያሉትን 7 እና 12 ጨምሮ ከዚህ በታች የምታያቸው ቁጥሮች በሙሉ ለስሌት እንዲመቹ እኔ የፈጠርኳቸው ናቸው፤ የነገሩን መልክ ግን ጠብቀዋል።

አራት ሳጥን ያለው ሰንጠረዥ ወረቀት ላይ ሥሪ። በክፍል ሙቀት፣ ባልታጠነ ዕቃ 12 ሰዓት፤ በታጠነ ዕቃ 24 ሰዓት። በማቀዝቀዣ፣ ባልታጠነ ዕቃ 70 ሰዓት፤ በታጠነ ዕቃ 72 ሰዓት። እንግዲህ አማካሪሽ ያሉት ሰባት ሰዓት ከየት መጣ? የታጠኑትን ሁለት ሳጥኖች ደምረሽ ለሁለት ስታካፍዪ 48 ይወጣል፤ ያልታጠኑትን እንዲሁ ስታደርጊ 41። ልዩነቱ ሰባት ነው። ስሌቱ ላይ አንዳች ስህተት የለም፤ ዋና ውጤት ማለትም ይኸው ነው። የአንዱን ነገር ውጤት በሌላው ነገር ደረጃዎች (እዚህ ላይ በክፍል ሙቀትና በማቀዝቀዣ) ሁሉ ላይ አማክለሽ የምታገኚው ቁጥር ነው።

ችግሩ ያለው ቁጥሩን ተከትሎ በሚመጣው ዐረፍተ ነገር ላይ ነው። «ማጠን የወተቱን ዕድሜ በሰባት ሰዓት ያራዝማል» የሚለውን ከሽኒሌ አካባቢ በጄሪካን ወተት አምጥታ ቀፊራ ገበያ የምትሸጥ ሴት ብትሰማ ምን ትረዳለች? ማቀዝቀዣ ከሌላት የምታገኘው ሰባት ሳይሆን አሥራ ሁለት ሰዓት ነው፤ ወተቷ የሚቆይበት ጊዜ እጥፍ ይሆንላታል። ማቀዝቀዣ ካላት ደግሞ ለሁለት ሰዓት ብላ እንጨት ባታጨስ ይሻላታል። ሰባት ሰዓት የሚያገኝ ሰው በጥናትሽ ውስጥ የለም። የድሬዳዋንና የሐረርን ሙቀት ደምሮ፣ ለሁለት አካፍሎ በዚያ ልክ የለበሰ መንገደኛ የሚመቸው ምናልባት በሁለቱ መካከል ያለው ደንገጎ ዳገት ላይ ሲደርስ ብቻ ነው፤ አንቺ ግን ደንገጎ ላይ ናሙና አልወሰድሽም።

ስለዚህ ጓደኛሽ ልክ ነው? እሱም ግማሽ መንገድ ሄዶ ቆሟል። «መስተጋብር ካለ ዋና ውጤት አይነበብም» የሚለው ደንብ በየክፍሉ ሲነገር ስለኖረ ሕግ መስሏል። አሁን ያንኑ ሰንጠረዥ በሌላው አቅጣጫ አንብቢው። የማቀዝቀዣ ውጤት ባልታጠነ ዕቃ ከ12 ወደ 70፣ ማለትም 58 ሰዓት ነው፤ በታጠነ ዕቃ ከ24 ወደ 72፣ ማለትም 48 ሰዓት። አማካዩ 53 ነው። ሁለቱ ልዩነቶች ትክክል እኩል አይደሉም፤ ግን ሁለቱም ወደ አንድ አቅጣጫ ናቸው፣ ሁለቱም ትልልቅ ናቸው፣ አማካዩም ለሁለቱም ቅርብ ነው። «ማቀዝቀዣ የወተቱን ዕድሜ በሁለት ቀንና ከዚያ በላይ ያራዝማል» ብትዪ ማንንም አታሳስቺም። መስተጋብሩ አንድና ያው ነው፤ ከ12 ላይ 2 ብትቀንሺ 10፣ ከ58 ላይ 48 ብትቀንሺ 10። ሆኖም ያ አሥር ሰዓት የማጠንን ዋና ውጤት ባዶ ሲያስቀረው የማቀዝቀዣውን ግን ብዙም አልነካውም። ጓደኛሽ የሚለው ደንብ ሁለቱንም አንድ ላይ ጠራርጎ ይጥልብሻል።

እኔ የምመክርሽ እንዲህ ነው። የመስተጋብሩን ፒ ዋጋ (እውነተኛ ልዩነት ባይኖር ቢያንስ ይህን ያህል ልዩነት በአጋጣሚ የሚታይበትን ዕድል) አይተሽ ወዲያው አትፍረጂ፤ መጀመሪያ በየረድፉ ያለውን ልዩነት ለየብቻ አውጪ፣ ከእያንዳንዱም ጋር የመተማመኛ ክልሉን፣ ማለትም እውነተኛው ልዩነት ይገኝበታል ተብሎ የሚገመተውን ከዚህ እስከዚያ ጻፊ፤ ከዚያ አማካዩ እነዚህን ልዩነቶች ይወክላል ወይስ አይወክልም ብለሽ ጠይቂ። አራቱን አማካዮች በሁለት መስመር ሥያቸው። አንድ ጊዜ አቀማመጡን በአግድሙ ላይ አድርጊ፣ ሌላ ጊዜ ማጠኑን፤ ከሁለቱ ሥዕሎች አንዱ ብዙውን ጊዜ ነገሩን ቁልጭ አድርጎ ያሳያል። እርሳስና ወረቀት ይበቃል። ብዙ ተማሪ ይህን ሥዕል የሚሠራው ምዕራፍ አራትን ጽፎ ከጨረሰ በኋላ ለማስዋቢያ ነው፤ ሥዕሉ ግን መቅደም ነበረበት።

ይህ አዲስ ጉዳይ እንዳይመስልሽ። ሮናልድ ፊሸር በእንግሊዝ ሮታምስቴድ የእርሻ ምርምር ጣቢያ ሳለ እ.ኤ.አ. በ1923 ከአንድ የሥራ ባልደረባው ጋር ያሳተመው የመጀመሪያዎቹ የአኖቫ ሠንጠረዦች የወጡበት ጽሑፍ ርዕሱ ድንች ነበር፤ ጥያቄውም የተለያዩ የድንች ዝርያዎች ለማዳበሪያ የሚሰጡት ምላሽ ይለያያል ወይ የሚል ነው። አንቺ በወተት የጠየቅሽውን እነሱ በድንች ጠየቁ። ሁለት ነገሮች በአንድ ሙከራ የሚጣመሩት አንዱ ሌላውን እንዴት እንደሚለውጠው ለማየትም ነውና፣ መስተጋብር ሲገኝ እንደ እንቅፋት መቁጠር የሙከራውን ግማሽ ጥቅም መጣል ነው።

አሁን ወደ 7 እና ወደ 12 ልምጣ፤ በደብዳቤሽ ውስጥ በጣም የወደድኩት ጥያቄ ይህ ነው። ኤስፒኤስኤስ የሰጠሽ 7 አራቱን ሳጥኖች እኩል አይቶ ያወጣው የአማካዮች ልዩነት ነው። አር የሰጠሽ 12 ግን ዋና ውጤት አይደለም። በማጠቃለያው ሰንጠረዥ ላይ ከ«ማጠን» ፊት ለፊት የተጻፈው ቁጥር፣ መስተጋብሩ ሞዴሉ ውስጥ ካለ፣ ማጠን በመነሻው ደረጃ ላይ ብቻ ያለው ውጤት ነው። ያንቺ መነሻ የክፍል ሙቀት ስለሆነ 12 አለሽ፤ መነሻውን ማቀዝቀዣ ብታደርጊው 2 ይልሻል። አር ሌላ ካልታዘዘ በስማቸው የፊደል ተራ ቀድሞ የመጣውን ደረጃ መነሻ ያደርጋልና፣ የተማሪው ድምዳሜ ለደረጃዎቹ ባወጣላቸው ስም የሚወሰንበት ጊዜ አለ። ከዚያ ቁጥር አጠገብ ያለውን ፒ ዋጋ ወስደው «የማጠን ዋና ውጤት ጉልህ ነው» ብለው የሚጽፉ ብዙ ናቸው፤ አንቺ ግን ሁለቱ ቁጥሮች አለመስማማታቸውን አይተሽ ጠየቅሽ።

የናሙናዎቹ ቁጥር እኩል አለመሆኑ ደግሞ ሌላ ጣጣ ያመጣል። በየሳጥኑ ያለው ናሙና እኩል ቢሆን ኖሮ የካሬዎች ድምር (እያንዳንዱ ነገር ከጠቅላላው ልዩነት የሚወስደው ድርሻ) በየትኛውም መንገድ ቢሰላ አንድ ውጤት ይሰጥ ነበር። እኩል ካልሆነ ግን አር በተለመደው የአኖቫ ትእዛዙ ተራ በተራ ያሰላል፤ መጀመሪያ ያስገባሽው ነገር የሚችለውን ያህል ይወስዳል፣ ሁለተኛው ከተረፈው ይካፈላል። ስለዚህ ማጠንን አስቀድመሽ አቀማመጥን ስታስከትዪና በተቃራኒው ስታደርጊ የዋና ውጤቶቹ ፒ ዋጋ ይለያያል። ኤስፒኤስኤስ ሌላ ካልታዘዘ ሦስተኛ ዓይነት የሚባለውን ስሌት ስለሚጠቀም ቅደም ተከተሉ አያሳስበውም፤ ሳጥኖቹንም ናሙናቸው ቢያንስም ቢበዛም እኩል ይመዝናቸዋል። ያንኑ በአር ማግኘት ከፈለግሽ የደረጃዎቹን ኮድ ድምሩ ዜሮ ወደሚሆነው ዓይነት መለወጥ አለብሽ፤ አለዚያ ሦስተኛ ዓይነት ብለሽ ብታዢውም የሚወጣው የተባለው ነገር አይሆንም። የትኛውን እንደተጠቀምሽ በዘዴው ምዕራፍ ውስጥ በአንድ መስመር ጻፊ። መብራት በጠፋበት ቀን የተጣሉትን ናሙናዎችም ቁጥራቸውንና ምክንያቱን ጽፈሽ አስቀምጪ፤ የጎደሉት በዕጣ ሳይሆን ከአንድ ረድፍ ብቻ ነውና።

«እኩል መመዘን» ያልኩት ላይ ትንሽ ልቆይ፤ አማካሪሽን ማስረዳት የምትችዪው በዚህ ይመስለኛል። ሰባት ሰዓት የሚለው ቁጥር ከወተት ሻጮች ግማሾቹ ማቀዝቀዣ አላቸው፣ ግማሾቹ የላቸውም እንደማለት ነው። ይህን ግምት ማንም በግልጽ አልወሰነም፤ ሠንጠረዡ ሁለት ረድፍ ስላለው ብቻ የገባ ነው። ለክርክር ያህል ከአሥር ሻጮች ዘጠኙ ማቀዝቀዣ የላቸውም እንበል። ያኔ አማካዩ ዘጠኝ ጊዜ 12 እና አንድ ጊዜ 2 ተደምሮ ለአሥር ሲካፈል 11 ሰዓት ይሆናል። መረጃው ሳይለወጥ ዋናው ውጤት ከ7 ወደ 11 ሄደ። የትኛው ነው ትክክለኛው? ለቀፊራ ሻጮች ምክር የምትሰጪ ከሆነ እውነተኛውን ድርሻ የያዘው ነው፤ ያንን ድርሻ ደግሞ ከአኖቫ ሳይሆን ገበያው ውስጥ ዞረሽ ቆጥረሽ ነው የምታገኚው። እንዲያ ከተደረገ መስተጋብር ያለበት ዋና ውጤትም ጥሩ ጥያቄ ይመልሳል፤ «በአጠቃላይ ሻጮቹ ዕቃቸውን ቢያጥኑ በአማካይ ምን ያህል ያተርፋሉ?» ለሚለው።

ደግሞ «የክፍል ሙቀት» ያልሽው የድሬዳዋ ክፍል ነው። ድሬዳዋ ወደ 1,200 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፤ ሐረር ወደ 1,900 ሜትር። ይህን ሙከራ ጀጎል ውስጥ ብትሠሪው ያልታጠነው ወተት ከአሥራ ሁለት ሰዓት በላይ ሊቆይ ይችል ነበር፤ የማጠኑ ልዩነትም ምናልባት ይጠብ ነበር። ዋና ውጤት አንቺ የመረጥሻቸው ደረጃዎች አማካይ ስለሆነ ደረጃዎቹ ሲለወጡ አብሮ ይለወጣል። በርዕስሽ ላይ «ድሬዳዋ» የሚለው ቃል መኖሩ ጥሩ ነው፤ በድምዳሜው ውስጥም ይግባ፤ ሙከራው የተካሄደበት ወርና የክፍሉ ሙቀትም እንዲሁ።

ጣዕሙን በተመለከተ ግን የጻፍሽውን ዐረፍተ ነገር ዛሬውኑ አውጪው። ቀማሾችሽን በታጠነ ወተት ያደጉና ያላደጉ ብለሽ እንደከፈልሻቸው ከሰንጠረዥሽ አይቻለሁ። ነገሩ ይህን ይመስላል። በታጠነ ወተት ያደጉት ለታጠነው ከዘጠኝ 8፣ ላልታጠነው 5 ሰጡ። ያላደጉት ለታጠነው 4፣ ላልታጠነው 7 ሰጡ። የታጠነው አማካይ 6፣ ያልታጠነው አማካይ 6። ዋናው ውጤት ዜሮ! አንዱ ወገን በሦስት ነጥብ ወደደው፣ ሌላው በሦስት ነጥብ ጠላው፤ ተጣፉ። ከዚህ ተነስቶ «ማጠን ጣዕሙን አይለውጥም» ማለት አፋቸውን በጭስ መዓዛ የፈቱትንም አንድ ጊዜ ቀምሰው ፊታቸውን ያኮማተሩትንም ውሸታም ማድረግ ነው። መስመሮቹ እንዲህ ሲቋረጡ ዋና ውጤቱ ጉልህ ሆነም አልሆነም ብቻውን አይነገርም። እዚህ ላይ ጓደኛሽ ሙሉ በሙሉ ልክ ነው።

የሁለቱ መስተጋብሮች ልዩነት በመለኪያም ይታያል። አንዳንዱ መስተጋብር መለኪያ ሲቀየር ይጠፋል። ማቀዝቀዣ ውስጥ ያልታጠነው 36፣ የታጠነው 72 ሰዓት ቢቆይ ኖሮ በሰዓት ሲቆጠር 12 እና 36 ሰዓት ስለሚሆኑ መስተጋብር አለ ትያለሽ፤ በእጥፍ ሲቆጠር ግን ሁለቱም ቦታ ማጠን ዕድሜውን እጥፍ ስላደረገው በሎጋሪዝም መለኪያ መስተጋብሩ የለም። ያንቺው የወተት ዕድሜ በሁለቱም መለኪያ መስተጋብር አለው፤ አንዱ ጋ እጥፍ፣ ሌላው ጋ ሦስት በመቶ ገደማ። የጣዕሙን ግን ቅደም ተከተል በሚጠብቅ በየትኛውም መለኪያ ብትቀይሪው መስመሮቹ መቋረጣቸው አይቀርም። ስለ ጣዕሙ ሌላም ነገር አለ፤ እያንዳንዱ ቀማሽ ሁለቱንም ወተት ቀምሶ ከሆነ ነጥቦቹ ከአንድ ሰው የወጡ ናቸውና ተራው ባለሁለት መንገድ አኖቫ አይበቃም። ቀማሹን የሚያውቅ፣ ተደጋጋሚ ልኬት የሚባለውን ትንተና ተጠቀሚ።

ጉልህ ያልሆነ መስተጋብር ሲያጋጥምሽም ቶሎ አትደሰቺ። እንዳንቺው ባለ ሁለት በሁለት ሰንጠረዥ ውስጥ፣ ናሙናው እኩል ሲሆን፣ የልዩነቶቹ ልዩነት መደበኛ ስህተቱ (ግምቱ ከናሙና ናሙና የሚዋዥቅበት መጠን) የዋናው ውጤት እጥፍ ነው። በሌላ አነጋገር፣ የዋናውን ውጤት ያህል መጠን ያለው መስተጋብርን በእኩል እርግጠኝነት ለማየት አራት እጥፍ ናሙና ይፈልጋል። «መስተጋብሩ ጉልህ አይደለም፤ ስለዚህ የለም» የሚል ዐረፍተ ነገር ያለበት ስንት ጽሑፍ በየቤተ መጻሕፍቱ መደርደሪያ ላይ እንዳለ ብታውቂ! እንዲህ ባለው ጊዜም የየረድፉን ልዩነት ከነመተማመኛ ክልሉ አውጥቶ ማሳየት ይሻላል።

ከአማካሪሽ ጋር እንካ ስላንቲያ ውስጥ አትግቢ። ሥዕሉን ይዘሽ ሂጂ፤ ከሥሩም እንዲህ ብለሽ ጻፊ፦ «ማጠን ወተቱ የሚቆይበትን ጊዜ በክፍል ሙቀት በ12 ሰዓት ያራዘመ ሲሆን በማቀዝቀዣ ግን በ2 ሰዓት ብቻ ነው፤ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት በስታቲስቲክስ ጉልህ ነው። ማቀዝቀዣ በታጠነም ባልታጠነም ዕቃ ጊዜውን በ48 ሰዓትና ከዚያ በላይ አራዝሟል።» ቁጥሮቹን በራስሽ ቁጥሮች ተኪያቸው፣ የመተማመኛ ክልላቸውንም ጨምሪ። የዋና ውጤቶቹን ኤፍ (የውጤቱ ልዩነት ከተራው መዋዠቅ ጋር ሲነጻጸር) እና ፒ ዋጋ ከሰንጠረዡ አታጥፊ፤ አንባቢ ሙሉውን ማየት አለበት። ሰባት ሰዓት የሚለው ግን ከማጠቃለያው ገጽ ይውጣ። «የእርስዎን አማካይ በሁለት ከፍዬ አሳየሁት» ብለሽ ብታቀርቢው የሚቃወሙ አይመስለኝም።

አንድ ነገር ግን ይቆረቁረኛል፤ ከሠንጠረዥሽ ይልቅ ከዘዴ ምዕራፍሽ ነው ያገኘሁት። የማቀዝቀዣ ናሙናዎችሽ በሙሉ የተቀመጡት በአንድ ማቀዝቀዣ ውስጥ ነው፤ የክፍል ሙቀቶቹም በአንድ ጠረጴዛ ላይ። እንግዲያው ለአቀማመጥ የደገምሽው ነገር ጠርሙሱን እንጂ ማቀዝቀዣውን አይደለም። ያ ማቀዝቀዣ ከሌሎቹ ደካማ ወይም ጠንካራ ቢሆን አኖቫው የሚያውቅበት መንገድ የለውም፤ የአቀማመጥ ኤፍ ዋጋሽ ያን ያህል ግዙፍ የሆነውም በከፊል ለዚህ ሊሆን ይችላል። በማጠን ላይ ያለሽ መረጃ የተሻለ ነው፤ በእያንዳንዱ ቦታ የታጠነውና ያልታጠነው ጎን ለጎን ስለተቀመጡ። ሙከራውን በተለያዩ ቀናት፣ በየቀኑ አዲስ ወተት እያመጣሽ ደግመሽው ከሆነ ቀኑን እንደ ብሎክ (እርስ በርስ የሚነጻጸሩ ናሙናዎች ምድብ) ሞዴሉ ውስጥ አስገቢው፤ የየቀኑ ወተት የተለየ ነውና ብዙ የማይገለጽ ልዩነት ይቀንስልሻል። ሁሉንም በአንድ ቀን ወተት ሠርተሽው ከሆነ ግን አሁን የሚደረግ ነገር የለም፤ አንድ ማቀዝቀዣ፣ አንድ ጠረጴዛ፣ የአንድ ቀን ወተት ብለሽ በውስንነቶች ክፍል ውስጥ ራስሽ ጻፊው፣ ፈታኙ ቀድሞ ሳይጠይቅሽ።